እኩል ነጥብ አምጥተን ቦታው ለምን ለእሷ ተሰጠ?

ጥያቄ፦ ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ስቀጠር ማስታወቂያው «ፆታ፦ ወንድ» ይል ነበር፤ ክፍሉም የወንድ ክፍል ነው። በቅርቡ ለፈረቃ ኃላፊነት የውስጥ ዕድገት ወጥቶ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ተወዳደርን። ሁለታችንም 76.5 አገኘን፤ ቦታው ለእሷ ተሰጠ። ስጠይቅ «ሕጉ ነው» አሉኝ። እኔ 6 ዓመት አገልግያለሁ፣ እሷ 4። በዚያ ላይ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሌሊት አትገባም፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ፈቃድ ትወጣለች። ይህ በወንድነቴ የተፈጸመ አድልዎ አይደለም? መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ የላኩልኝን የማስታወቂያ ሰሌዳ ፎቶግራፍ አጉልቼ አየሁት። የማኅተሙ ግማሽ ወረቀቱን ስቶ ሰሌዳው ላይ አርፏል። ሁለት ስም፣ ሁለት ጊዜ 76.5፣ ከእሷ ስም ትይዩ ደግሞ በእስክሪብቶ «ተመርጣለች»። ከዚህ ወረቀት ብቻ ተነሥቼ ልመልስ ካሉኝ፣ ድርጅቱ ያደረገው ሕጉ ያዘዘውን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 87 ሴት ሠራተኛ ለቅጥር፣ ለዕድገት ወይም ለሌላ ጥቅም ከወንድ ጋር ተወዳድራ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ እንዲሰጣት ይደነግጋል። አሠሪው ደስ ሲለው የሚያደርገው ቸርነት አይደለም። ሥሩ ሕገ መንግሥቱ ነው፤ አንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸው የበታችነት እንዲታረም የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ «በወንድነቴ ተበደልኩ» ብለው ቢከሱ ሩቅ አይሄዱም። ደግሞስ «ፆታ፦ ወንድ» በሚል ማስታወቂያ የተቀጠረ ሰው ይህን ክርክር ይዞ ዳኛ ፊት ሲቆም ትንሽ ማፈሩ አይቀርም። ያ መስመር ራሱ ከአዋጁ ጋር የሚጣላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አልከሰሰም።

ይሁን እንጂ ቃሉን ልብ ይበሉት። ሕጉ «እኩል ውጤት» ነው የሚለው፤ «የተቀራረበ» አይልም። በግማሽ ነጥብ ከበለጡ ይህ ቅድሚያ እርስዎ ላይ አይሠራም። ጉዳይዎ ነፍስ የሚዘራው እዚህ ላይ ነው። ይህ 76.5 ከምን ከምን ተደምሮ መጣ? በፎቶግራፉ ታችኛው መስመር ላይ «አገልግሎት ከ20» የሚል ይነበባል። የእርስዎ 6 ዓመትና የእሷ 4 ዓመት ስንት ስንት ተሰጣቸው? ምናልባት ከተወሰነ ዓመት በላይ ላገለገለ ሁሉ ሙሉ ነጥብ የሚሰጥ አሠራር ይኖራቸው ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ከሌለ ግን ፀብዎ ከባልደረባዎ ጋር ሳይሆን ከነጥብ መሙያው ቅጽ ጋር ነው። ከዓመታት በፊት በያዝኩት አንድ መዝገብ የቃለ መጠይቁ 14 በሌላ ቀለም 17 ተደርጎ ነበር፤ ከእርማቱ አጠገብ የአንድም ገምጋሚ ፊርማ አልነበረም። ስለ ፆታ ብዙ የተጻፈበት ክስ ነበር፤ ውጤቱን የወሰነችው ግን ያቺ 7 ቁጥር ናት።

ስለዚህ መጀመሪያ ዝርዝር ውጤቱ እንዲሰጥዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል ጠይቄ ነበር ማለት የትም አያደርስም፤ ደብዳቤው ገቢ ሆኖ ቀሪው ላይ ይፈረምልዎ። የሠራተኛ ማኅበር ካለም የኅብረት ስምምነቱን አስወጥተው የዕድገት መስፈርቱንና የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜውን ይመልከቱ፤ ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነውና አይዘናጉ።

ዝርዝሩ ስሕተት ካሳየና ድርጅቱ አላርምም ካለ ወደ ክርክር ይገባሉ። በእርስዎ ነጥብ ላይ ብቻ የተወሰነ ቅሬታ በፍርድ ቤት የሚታይ የግል የሥራ ክርክር ነው፤ የዕድገት አሰጣጥ ሥርዓቱን በሙሉ የሚነካ ከሆነ ግን ሁለቱን ወገን በሚያግባባ አስማሚና በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ የሚታይ የወል (የሠራተኞች የጋራ) ክርክር ይሆናል። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ለማወቅ ፋብሪካው ከአዲስ አበባና ከኦሮሚያ ወሰን በየትኛው በኩል እንዳለም ያጣሩ። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ከሆነ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ገላን ከገባ ሸገር ከተማ ስለሆነ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት። አዋጁ በሁለቱም በኩል ያው ነው።

አሁን ወዳልወደድኩት የደብዳቤዎ ክፍል ልምጣ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ወይም በትርፍ ሰዓት ማሠራት በአዋጁ የተከለከለ ነው። ሌሊት የማትገባው ስላልፈለገች ሳይሆን ድርጅቱ ሊያስገባት ስለማይችል ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድም አላት፤ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ በመርህ ደረጃ ከሥራ ማሰናበትም አይቻልም። እርስዎ እንዳሰቡት ድርጅቱ «ልትወልድ ነው» ብሎ ነጥብ ቢቀንስባት ኖሮ ዛሬ ጠበቃ የምትፈልገው እሷ ነበረች፤ መዝገቧንም በደስታ በያዝኩት።

ለድርጅቱ የሚያስገቡትን ደብዳቤ ሲጽፉ ስለ እርግዝናዋ አንድም ቃል አያስገቡበት፤ ስለ 6 ዓመት አገልግሎትዎ ያለውን ግን መጀመሪያው መስመር ላይ ያድርጉት።