«ሥጋ ለበሰ» ስሕተት ነውን?

ጥያቄ፦ ቢቸና የምኖር መምህር ነኝ። ለልደት በዓል በጨርቅ ላይ የሚጻፍ «አምላክ ሥጋ ለብሶ ተወለደ» የሚል ዐረፍተ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ባልደረባዬ «ልብስ ይወልቃል፤ ሥጋን ተዋሐደ በል» ብሎ አረመኝ። ሌላው ደግሞ «የሚባለው ከሥጋ ጋር ተዋሃደ ነው» አለ። የትኛው ነው ትክክል? የሆሄውስ ነገር?

መልስ፦ ጽሑፍዎን አይሰርዙት። «ሥጋ ለበሰ» በአማርኛም በሃይማኖትም የሚነቀፍ አነጋገር አይደለም።

«ልብስ ይወልቃል» የሚለውን ክርክር በየቦታው እሰማዋለሁ። ሲሰሙት ይጥማል፤ ሲመረምሩት ግን አይጸናም። አማርኛ «ሥጋ ለባሽ» የሚል ስም አለው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በኢሳይያስ ምዕራፍ 40 «ሥጋ ለባሽ ሁሉ ሣር ነው» ይላል። ሥጋ ለባሽ ማን ነው? ሰው ነው። ይህን ሲሰማ ሥጋውን እንደ ጋቢ ደርቦ የሚዞር፣ ሲመሽ አውልቆ የሚሰቅል ፍጡር የሚታየው አማርኛ ተናጋሪ አላጋጠመኝም። እንግዲህ «ሥጋ ለባሽ» ሰው ከሆነ፣ «ሥጋ ለበሰ»ም «ሰው ሆነ» ነው። ስሙን ተቀብሎ ግሡን መክሰስ አይቻልም። ዳዊትም በ92ኛው መዝሙር «እግዚአብሔር ነግሠ ስብሐቲሁ ለብሰ» ይላል፤ የእግዚአብሔር ክብር የሚወልቅ ነው የሚል ማን አለ?

በልጅነቴ ደብረ ኤልያስ አካባቢ ቅኔ ቤት ሳለሁ አንድ ተማሪ ይህንኑ «ለብሰ» በቅኔው አግብቶ ሌላው ተቃወመው። የኔታ የተቃዋሚውን ደበሎ በጫፉ ያዙና «ይህን ማን ለብሶታል?» አሉት። «እኔ» አለ። «ካንተ በፊትስ?» «በጉ።» «አንተ ማታ ታወልቀዋለህ። በጉ አንድ ቀን አውልቆት ያውቃል?» ልጁ ዝም አለ። አንድ ቆዳ ነው፣ ሁለት መልበስ አለው፤ አንዱ ከላይ የተደረበ፣ ሌላው ሕይወት ሆኖ የኖረ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ለበሰ» ሲከሰስ በሰማሁ ቁጥር ዐይኔ ላይ የሚመጣው ያ ደበሎ ነው።

ክርክሩ ከእኛ አልተጀመረም። በሶርያ ቋንቋ ለሥጋዌ (አምላክ ሰው ለመሆኑ ነገር) ጥንት የተለመደው አነጋገር «ልቤሽ ፐግራ» ነበር፤ «አካል ለበሰ» ማለት ነው፤ ግሡም ከእኛው «ለብሰ» ጋር አንድ ሥር ነው። ውዳሴ ማርያምን ደረሰ የምንለው ቅዱስ ኤፍሬም በዚህ ምሳሌ ደጋግሞ ተቀኝቷል። የባልደረባዎም ስጋት የቆየ ነው። ስሙን በመጽሐፈ መነኮሳት የምናውቀው የመንቡጉ ጳጳስ ፊልክስዩስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በሶርያው የጸሎተ ሃይማኖት ትርጉም ውስጥ የገባውን «ለበሰ» ነቅፏል፤ ጌታን ለሁለት የሚከፍሉት ንስጥሮሳውያን ይደገፉበታል ብሎ። ስለዚህ ጥንቃቄው አባት አለው። ነገር ግን ፊልክስዩስ የነቀፈው ለድንጋጌ፣ ሃይማኖት በቃል ተለክቶ ለሚወሰንበት ጽሑፍ፣ የሚሆን ትርጉምን ነው። ድንጋጌ ሌላ፣ ምስጋና ሌላ። የእርስዎ ጨርቅ ምስጋና ነው።

ለድንጋጌ ከሆነማ የግእዙ ጸሎተ ሃይማኖት ራሱ ሦስት ጊዜ ይናገራል፦ «ተሰብአ» (ሰው ሆነ)፣ «ተሠገወ» (ሥጋ ሆነ)፣ «ኮነ ብእሴ» (ሰው ሆነ)። «ተሠገወ» በ«ሥጋ» መጨረሻ የተሰወረውን ወ ያወጣዋል፤ «ሥግው ቃል» የምንለው ከዚህ ነው። «ተሰብአ» ደግሞ ከ«ሰብእ» ነው፤ የእኛ «ሰው»ም የዚሁ የ«ሰብእ» ልጅ ነው፤ ብ ወደ ው ለስልሳ፣ የመጨረሻዋ እ ጠፍታ። «ትስብእት» (ሰው መሆን) ባዕድ ቃል የሚመስላቸው ተማሪዎች በውስጡ «ሰው» መኖሩን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል። «ተሰብአ» መቅደሙ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ የተወገዘው አቡሊናርዮስ ጌታ ሥጋን እንጂ የሰውን ልቡና አልነሣም ብሎ ነበርና። ሥጋ ብቻ ሲባል ነፍስ የተረሳች እንዳትመስል «ሰው ሆነ» ሁሉንም ይጠቀልላል። ከ«ሥጋ ለበሰ»፣ ከ«ሥጋን ተዋሐደ» እና ከ«ሰው ሆነ» ምሉዕ የምለውም እርሱን ነው።

ወደ «ተዋሐደ» ልምጣ። በጎጃም ይህ ቃል እንደ ዋዛ አይታለፍም። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቃውንት የጌታ ሥጋ «በተዋሕዶ ከበረ» እና «በቅብዐት (በመንፈስ ቅዱስ መቀባት) ከበረ» እያሉ በጎንደር ነገሥታት ፊት ሳይቀር ተከራክረዋል። (ቅቤም የዚሁ የ«ቀብዐ» ዘር ነው፤ ከ«ቅብዕ» የመጣ። እናቶቻችን አናታችንን ቅቤ ሲቀቡ ግሡም ስሙም ከአንድ ምንጭ ነው።) እንዲህ ያለ ታሪክ የተሸከመ ግሥ አገባቡ ሲላላ ያመኛል። «ከሥጋ ጋር» የሚለውን አልወደውም። «ከወንድሜ ጋር ገበያ ሄድሁ» ስል ሁለት ሆነን ሄድን፣ ሁለት ሆነን ተመለስን፤ «ጋር» ጎን ለጎን ያቆማል እንጂ አንድ አያደርግም። «ሥጋን ተዋሐደ» ግን ተሳቢውን በቀጥታ ይይዛል። ተደራራጊ ግሥ (እርስ በርስ መደራረግን የሚናገር) ተሳቢ አይወስድም የሚሉ አሉ፤ «ጠላቱን ተዋጋ» የሚለውን ምን ሊሉት ነው? አብዛኛው ተደራራጊ ግሥ፣ «ተስማማ»ም «ታረቀ»ም «ተጣላ»ም፣ «ከ… ጋር» እንደሚል አልክድም። ሰዋስው ሁለተኛውን ባልደረባዎን አይከሰውም። እኔ ግን አልጽፈውም።

በሆሄው ላይ ግን ከጣዕም ያለፈ ምክንያት አለኝ። «አንድ ሆነ» የሚለው «ተዋሐደ» በሐመሩ ሐ ነው፤ ከ«አሐዱ» እና ከ«ዋሕድ» ጋር ዘመድ ነው። በብዙኃኑ ኀ የሚጻፈው «ውኅደ» ደግሞ «አነሰ፣ ጎደለ» ማለት ነው፤ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑትን «ውኁዳን» የምንላቸው ከዚያ ነው። ሁለቱን በሃሌታው ሀ ስንጨፈልቃቸው አንድነትና ማነስ አንድ መልክ ያዙ። ዛሬ ጋዜጣው የባንኮችን «ውህደት» ይጽፋል፣ የኬሚስትሪ መጽሐፉ «ውህድ» ይላል፤ አንባቢም ሳይደናገር ያነባል። በዚያ በኩል ልማዱ አሸንፏል፤ ባንኮቹን ለጋዜጣው ትቻለሁ። ስለ ጌታ በሚጻፍ ጽሑፍ ላይ ግን ሐን አልለቅም።

ጨርቁን የሚጽፍልዎ ሰው በእሳቱ ሰ «ስጋ» ብሎ እንዳያመጣው፣ በንጉሡ ሠ «ሥጋ» ብለው በወረቀት ጽፈው ይስጡት።