ኢአርፒኔክስት ላይ የሠራተኛ ወጪ ከየት ይጀመር ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ 35 ሠራተኛ አለን፣ ቴክኒሻኖቹ ክፍለ ሀገር ይወጣሉ፣ ሂሳቡ እስካሁን በኤክሴል ነው፣ አሁን ኢአርፒኔክስት የሚባለውን የድርጅት ሂሳብና ሥራ መያዣ ሶፍትዌር ልናስገባ ነውና ወጪውን ከየት እንጀምር ብለሻል። እኔ ፋይናንስ ላይ ነኝ፣ እኛ ከጀመርን ሁለት አመት ሊሞላን ነው፣ የደረሰብንን ልንገርሽ።

ከአድቫንሱ ጀምሩ፣ ለሠራተኛው ቀድሞ ከሚሰጠው ብር ማለቴ ነው። የሚያሰለጥኑሽ ሰዎች ቀድመው የሚያሳዩሽ ክሌሙን ነው፣ ሠራተኛው ከኪሱ ከፍሎ ደረሰኝ አያይዞ ብሩን ሲጠይቅ። እኛ ጋ ግን ስንቱ ነው ከኪሱ መክፈል የሚችለው? ብሩ ቀድሞ ይወጣል፣ ሰውየው ሲመለስ ያወራርዳል። ስለዚህ ማወራረዱ ካልተስተካከለ ሌላው ቢያምር ዋጋ የለውም።

ከቨርዥን 14 ጀምሮ የኤችአሩ (የሰው ሀብት) ክፍል ተለይቶ ፍራፔ ኤችአር የሚባል ሌላ አፕ ሆኗል፣ እሱን ካልጫናችሁ ክሌም የሚባል ነገር አታገኙም። ከዛ ካምፓኒ የሚለው ፎርም ላይ ሁለቱን አካውንት ሙሉ፣ የአድቫንሱ ተሰብሳቢ የክሌሙ ተከፋይ። ነዳጅ፣ አልጋ፣ ትራንስፖርት፣ ውሎ አበል እያላችሁ የወጪ አይነቶቹን ስትከፍቱም ለእያንዳንዱ አካውንት ስጡት።

እኛን የጎዳን እዚህ ጋ ነው። አንድ ቴክኒሻን ጅማ ሲሄድ 12,000 ብር ወሰደ። አድቫንሱ ሰብሚት ሆኗል፣ ማለትም ሲስተሙ ላይ ጸንቷል፣ ካሸሯም ብሩን ሰጥታዋለች፣ ብሩ መከፈሉ የሚመዘገብበት ፔይመንት ኢንትሪ ግን አልተሰራም። ሲመለስ 9,400 ክሌም ሞላ፣ ነዳጅ 4,200፣ የሶስት ሌሊት አልጋ 3,600፣ የቀረው ዕቃ የገዛበት። ሲስተሙ ክሌሙ ላይ የሚያመጣው ተከፍሏል ተብሎ የተመዘገበ አድቫንስ ብቻ ስለሆነ ክሌሙ ላይ ያለው የአድቫንስ ሰንጠረዥ ባዶ ሆነ፣ ማናችንም ልብ አላልነውም፣ 9,400ው የሚከፈለው ዕዳ ሆኖ ተመዘገበና ወር መጨረሻ ላይ ተከፈለው። 2,600 መመለስ ለነበረበት ሰው ሌላ 9,400 ጨመርንለት ማለት ነው። ልጁ ራሱ ነው መጥቶ የነገረን፣ እግዜር ይስጠው። ከዛ ቀን ጀምሮ ኢንትሪው ሳይሰራ ከካዝና ብር አይወጣም፣ የተረፈውም ብር አድቫንሱ ላይ ሪተርን በሚለው ነው የሚመለሰው፣ በእጅ ተቀብሎ ዝም የለም።

ሁለተኛው ችግር የቀን አጻጻፍ ነው። በእጅ የተጻፈ ደረሰኝ ላይ 12/03/2017 የሚል ይመጣል፣ ህዳር 12 ማለት ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 2024። ልጆቹ እንዳለ ይገለብጡታል፣ ሲስተሙም በፈረንጅ 2017 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላል፣ በኋላ ኦዲተር ሲጠይቅ ማን ያስረዳ። ከፈረንጁ ቀን አጠገብ የኢትዮጵያ ቀን የሚጻፍበት ተጨማሪ መስመር ክፈቱ፣ ከስተማይዝ ፎርም ላይ ነው፣ ፕሮግራመር አያስፈልግም። የበጀት አመቱንም ከጃንዋሪ ሳይሆን ከሀምሌ 1 ከሆነ የምትጀምሩት ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ብላችሁ ሙሉ።

አፕሩቨርን፣ ክሌሙን የሚያጸድቀውን አለቃ፣ በሚመለከት፣ የሠራተኛው ፋይል ላይ ዩዘሩ ካልተያያዘ የራሱን ክሌም ከስልኩ መሙላት አይችልም፣ አለቃውም ስታተሱን አፕሩቭድ ሳይል ሰብሚት ልበል ቢል እምቢ ይለዋል፣ መጀመሪያ ሳምንት የሚደወልልሽ ስልክ ሁሉ ስለዚህ ነው። አለቃው የተፈቀደውን መጠን መቀነስም ይችላል፣ ግን ከቀነሰ ምክንያቱን ኮሜንት ላይ ይጻፍ በያቸው። ሰው ያወጣው ብር ሳይነገረው ተቆርጦ ሲያይ በጣም ነው የሚከፋው፣ ከዛ በኋላ ደረሰኝ በሰዓቱ አያመጣልሽም።

ደረሰኝ ካልኩሽ አይቀር፣ የድርጅቱ ስምና ቲን የሌለበትን ቫት ልታቀናንሱበት ስለማትችሉ የቲን ቁጥሩን በትንሽ ካርድ አሳትማችሁ ለሚወጣው ሁሉ ስጡት፣ ነዳጅ ማደያ ላይ ቆሞ ቢሮ ከሚደውል ይሻላል።

35ቱንም ባንዴ አታስገቢ። አምስት ቴክኒሻን ይዘሽ አንድ ወር ከኤክሴሉ ጎን ለጎን አስኪጂው፣ የአድቫንሱ ቀሪ ሂሳብ ከኤክሴሉ ጋ እኩል ሲመጣልሽ ሌሎቹን ጨምሪ። አካውንቶቹን ስትከፍቺ ከተቸገርሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ማታ ማታ አለሁ።