የእርሳስ ቧንቧ በከፊል ቢቀየር ይበቃል?

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ የምንኖርበት ቤት በጣም አሮጌ ነው። በመንገዱ በኩል ያለው የእርሳስ ቧንቧ በመዳብ እንደሚተካ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለው ግን ያለ እኛ ፈቃድ እንደማይነካ ተነግሮናል። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ፈቃድ ባንሰጥና ውሃውን እያፈላን ብንጠጣ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ እርሳስን አያስወግድም፤ እንዲያውም ከፊሉ ውሃ በሚተንበት ጊዜ በቀረው ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ከፍ ይላል። ፈቃዱን ሳይዘገዩ እንዲሰጡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ ምክንያቱም ካልፈቀዱ የመንገዱ በኩል ብቻ ሊቀየር ቧንቧው ከመካከል ሲቆረጥ፣ እርሳሱ ወደ ውሃው እንዳይገባ የሚሸፍነው በውስጡ የተጋገረው ዝቃጭ ይነቃነቃል፣ መዳብና እርሳስ በተገናኙበት ቦታም ዝገቱ ይፋጠናል። ይህ ዝቃጭ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ከተማዋ በሚገባ ታውቀዋለች፦ በ2000 እ.ኤ.አ. ውሃው የሚታከምበት ክሎሪን በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሐዱበት ተሕዋስያን ገዳይ) በተተካ ጊዜ ይህ የቧንቧዎቹ የውስጥ ሽፋን ሟሙቶ፣ በብዙ ቤቶች ውሃ ውስጥ ያለው እርሳስ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ጉዳቱ የሚከፋው ደግሞ አንጎላቸው በማደግ ላይ ባለ ሕፃናትና በፅንስ ላይ ነው።

እስከዚያው ድረስ ቧንቧው ወደ ምድር ቤት የሚገባበትን ቦታ በሳንቲም ፋቅ አድርገው ይመልከቱ፤ ብርማ ሆኖ ካብለጨለጨና ማግኔት ካልያዘው እርሳስ ነው። ለመጠጥ፣ ለምግብና ለቡና ቀዝቃዛውን ውሃ ብቻ፣ እርሳስን ለመቀነስ የተመሰከረለት ማጣሪያ ውስጥ አሳልፈው ይጠቀሙ። ከቅየራው በኋላም የቧንቧ አፍ ወንፊቶችን አውልቀው ይጠቡ፣ ውሃውን በደንብ ያፍስሱ፣ ማጣሪያውንም ቢያንስ ለ6 ወር አያቋርጡ።