ስለ ሲልቨር ናይትሬት ጠይቁኝ፤ ጥያቄና መልስ

ጥ፦ ትናንት ላብራቶሪ ውስጥ በውሃ የተሟሟ ሲልቨር ናይትሬት (ከብር የሚሠራ ነጭ ጨው) ጣቴ ላይ ጠብ አለብኝ። ያኔ ምንም አልነበረውም፣ ዛሬ ግን ጠቁሯል። በምን ላስለቅቀው?

መ፦ አይዞህ። በሳሙና ግን አትድከም። ቆዳህ ላይ የቀረው ደቃቅ የብር ብናኝ ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው ደግሞ ይብሳል። የላይኛው ቆዳ ሲታደስ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ካቃጠለህ ወይም ከላጠህ ሐኪም ይየው። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ እያጠቡ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

ጥ፦ ከምን ይሠራል? የድሮ ጌጥ ይሆናል?

መ፦ ብር በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ከዚያ ውሃው ሲተን ነጭ ክሪስታል ይቀራል። ጌጥ ላይ ብዙ ጊዜ መዳብ ስላለበት ሙሙቱ (የተሟሟበት ፈሳሽ) ሰማያዊ ይሆናል፣ ንጹሕ ጨው አታገኝም። ደግሞ የሚወጣው ቡናማ ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ጭስ መሳቢያ ካቢኔት ከሌለ አይሞከርም። በቃ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ግዛ።

ጥ፦ በቧንቧ ውሃ ሳሟሟው ወተት መሰለ። ተበላሽቶ ይሆን?

መ፦ ሲልቨር ናይትሬቱ ደህና ነው፤ ያደፈረሰው ውሃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ነው። ከብር ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ሲልቨር ክሎራይድ ሆነ። ሳታስበው የታወቀውን የክሎራይድ ምርመራ ሠርተሃል! ሆን ብለህ ስትሠራው መጀመሪያ ናሙናው ላይ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ጨምር፤ ካልሆነ ካርቦኔትም ዝቃጭ ሠርቶ ያታልልሃል። ክሎራይድ ነጭ ዝቃጭ ይሰጣል፣ ብሮማይድ ክሬም መሳይ፣ አዮዳይድ ቢጫ። ነጩ በቀጭን (በውሃ በተበረዘ) አሞኒያ ይሟሟል፣ ቢጫው በወፍራሙም እምቢ ይላል። ለ0.1 ሞላር (ሞላር የሙሙት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ሙሙት 17 ግራም ገደማ ሲልቨር ናይትሬት በዲስቲልድ (ተኖ በተጣራ) ውሃ አሟሙተህ 1 ሊትር ሙላው።

ጥ፦ ጠርሙሱ ለምን ቡናማ ሆነ?

መ፦ ብርሃን እንዳይገባው። በተለይ ቆሻሻ ወይም አቧራ ከነካው ቶሎ ይጠቁራል።

ጥ፦ አያቴ ለሕፃናት ዓይን ይጨመር ነበር ትለኛለች። እውነት ነው?

መ፦ ልክ ናቸው። ካርል ክሬዴ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 2 በመቶ ሙሙት አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ዓይን ላይ ጠብ ማድረግ ጀመረ። ከእናት በሚተላለፍ ጨብጥ የሚመጣውን ዕውርነት በእጅጉ ቀነሰው። ሙሙቱ ራሱ ዓይን ስለሚቆጠቁጥ ዛሬ በአብዛኛው በአንቲባዮቲክ ቅባት ተተክቷል። ሐኪሞች አሁንም በእንጨት ጫፍ ላይ አድርገው ትንሽ የሚደማ ቦታ ይተኩሱበታል። የቆዳ ኪንታሮትን ቤት ውስጥ በራስ መተኮስ ግን አይመከርም።

ጥ፦ በሲልቨር ናይትሬት፣ በአሞኒያና በግሉኮስ የብር መስታወት ሠራን፣ በጣም ያምራል። የተረፈውን ለሌላ ቀን ላስቀምጠው?

መ፦ በፍጹም! የአሞኒያው ሙሙት ሲቆይ በትንሽ ንክኪ የሚፈነዳ ጥቁር ዝቃጭ ይሠራል። ለዕለቱ ብቻ ይዘጋጃል፤ የተረፈው ወዲያውኑ በቀጭን አሲድ ይመክናል። ቀድሞ የቆየ ጠርሙስ ካለህ አትክፈተው፣ አትነቅንቀውም። ሰው አርቅና ለላብራቶሪው ኃላፊ ንገር።