ከምድር ውጪ ሕይወት ቢገኝስ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ሥነ ፈለክ በተነሳ ቁጥር ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም? ቁርጡን ይንገሩን።

መልስ፦ አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በየጊዜው “ተገኘ” እየተባለ የሚነገረው ምንድን ነው?

መልስ፦ የሚገኘው ፍንጭ ነው። በ1984 አንታርክቲካ በረዶ ላይ ከማርስ የመጣ፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ድንጋይ ተገኘ። በ1996 ተመራማሪዎች በውስጡ የጥንት ረቂቅ ተሕዋስያን ቅሪት ሊሆን የሚችል ነገር አየን አሉ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ መግለጫ ሰጡ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ዛሬ አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች የታየው ነገር ያለ ሕይወትም ሊፈጠር ይችላል ይላሉ።

በ2024 ደግሞ ፐርሲቪራንስ የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ ማርስ ላይ አንድ ቀላ ያለ ድንጋይ አገኘች። በላዩ ላይ ዳርቻቸው የጠቆረ፣ መሐላቸው የነጣ፣ በሚሊ ሜትር የሚለኩ ነጠብጣቦች አሉ፤ የነብር ቆዳ ይመስላሉ። በዳርቻቸው ብረትና ፎስፌት ተገኝቷል። በምድር ላይ እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ብዙ ጊዜ ረቂቅ ተሕዋስያን ባሉበት ይታያል፤ ያለ እነርሱም ግን ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ “ሊሆን ይችላል” ከሚለው አላለፉም፤ እኔም በዚህ ጥንቃቄያቸው አከብራቸዋለሁ። ግኝቱ ሲመጣም የሚመጣው እንዲህ ይመስለኛል፦ በአንድ ጀንበር ሳይሆን በብዙ ዓመት ሙግት።

ጥያቄ፦ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ቢገኝ ምን ይደንቃል? እኔ የምጠብቀው የሚያናግረንን ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ በዓይን የማይታየው ተሕዋስ ነው። በምድር ላይ ያለው ሕይወት ሁሉ፣ ከሻጋታ እስከ ዝሆን፣ የአንድ ግንድ ቅርንጫፍ ነው። ሁሉም የዘር መረጃውን የሚጽፈው በአንድ ዓይነት ፊደል ነው። ፕሮቲናችን የሚሠራባቸውን አሚኖ አሲዶች ተመልከት፦ እንደ ቀኝና ግራ እጅ መንታ ቅርጽ ይኖራቸዋል፤ ሕይወት ግን ፕሮቲኑን የሚሠራው በግራዎቹ ነው። ስለዚህ ሕይወትን እናውቃለን ስንል የምናውቀው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። በአንድ ምሳሌ ደግሞ ሕግ አይወጣም፤ ሕይወት በቀላሉ የሚበቅል ይሁን ወይም አንዴ ብቻ የሆነ ተአምር፣ መለየት አንችልም።

አሁን በቀኝ እጅ አሚኖ አሲድ የተሠራ አንዲት ሕዋስ ተገኘች እንበል። ከእኛ ጋር ዝምድና የላትም ማለት ነው። በአንዲት ፀሐይ ዙሪያ ሕይወት ሁለት ጊዜ ለብቻው ከጀመረ፣ በመቶ ቢሊዮን በሚቆጠሩት የጋላክሲያችን ከዋክብት ዘንድ አልጀመረም ብሎ የሚከራከር አይገኝም። ማርስ ላይ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ማርስና ምድር ድንጋይ ሲወራወሩ የኖሩ ጎረቤታሞች ስለሆኑ የተገኘው የሥጋ ዘመዳችን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልቤ የሚያደላው ወደ ኤንሴላደስ ነው። ይህች የሳተርን ጨረቃ ከበረዶ ቅርፊቷ ሥር ውቅያኖስ አላት፤ ውሃዋንም በስንጥቆቿ ወደ ጠፈር ትረጫለች። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በዚያ ርጭት ውስጥ አልፋ ጨው፣ ሃይድሮጅንና ካርቦን ያለባቸው ውሁዶች አግኝታለች።

ጥያቄ፦ እምነታችንን አያናጋም?

መልስ፦ አይመስለኝም። በ2008 የቫቲካን የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ የነበሩት አባ ሆሴ ገብርኤል ፉነስ፣ ከምድር ውጪ ሕይወት አለ ብሎ ማሰብ ከእምነት ጋር አይጋጭም ብለዋል። ምድር ፀሐይን ትዞራለች ሲባልም ብዙ ተፈርቶ ነበር።

ጥያቄ፦ የሬዲዮ መልእክት ቢደርስ መንግሥታት አይደብቁትም? መልሱንስ ማን ይሰጣል?

መልስ፦ ለመደበቅ አይመችም። ምድር ስለምትሽከረከር ምንጩ ከአንዱ ቴሌስኮፕ ይሰወራል፤ ለመከታተልና ለማረጋገጥ የሌላ አገር ታዛቢዎች ያስፈልጋሉ። በ1967 ጆሴሊን ቤል የተባለች ተማሪ በረጅም የወረቀት ጥቅል ላይ በየ1.3 ሰከንዱ የሚደጋገም ምት አየች። ተመራማሪዎቹ እንደ ቀልድ “ትናንሽ አረንጓዴ ሰዎች” ብለው ሰየሙት። ከሌላ የሰማይ አቅጣጫ ሁለተኛ ተመሳሳይ ምት ስታገኝ ነገሩ ተፈጥሯዊ መሆኑ ተገለጠ፤ ፑልሳር የምንለው የኮከብ ዓይነት ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥም ይፋ ሆነ።

መልስን በተመለከተ፣ በ1989 የወጣ የሳይንቲስቶች ስምምነት ዓለም አቀፍ ምክክር ሳይደረግ ማንም አይመልስ ይላል። አስገዳጅ ሕግ ግን አይደለም፤ ይህም ያሳስበኛል። በሰው ልጅ ሁሉ ስም የሚነገረውን አንድ መንግሥት ወይም አንድ ባለጸጋ ብቻውን ሊወስነው አይገባም።

ጥያቄ፦ መጥተው ቢያጠፉንስ?

መልስ፦ ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ያለው ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በ1977 የተነሳችው ቮየጀር 1 የተባለች መንኮራኩር በያዘችው ፍጥነት ያን ያህል ለመጓዝ ከ70,000 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። እኔ የምፈራው የእኛን ጥፋት ነው፤ ጀርማችንን ይዘን ሄደን የማርስን ሕይወት ሳናውቀው እንዳንበክል። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት ቫይኪንግ የተባሉ ሁለት የናሳ መንኮራኩሮች ከመነሳታቸው በፊት ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ደረቅ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት ተጋግረዋል። ሰው ማርስን ሲረግጥ ግን ሰውን መጋገር አይቻልም። ጀርሙ አብሮት ይወርዳል።

ጥያቄ፦ 62 ዓመቴ ነው ልጄ። በእኔ ዕድሜ ይታይ ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ ቀጠሮ ልሰጥዎ አልደፍርም። ነገር ግን በጥቅምት 2024 የተነሳችው ዩሮፓ ክሊፐር የተባለች የናሳ መንኮራኩር መንገድ ላይ ናት፤ በ2030 ጁፒተር ዘንድ ትደርሳለች። ሥራዋ ሕይወት ማግኘት ሳይሆን፣ ዩሮፓ የተባለችው የጁፒተር ጨረቃ ከበረዶዋ ሥር ያለው ውቅያኖስ ለሕይወት የሚመች መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ከዚያ የምትልከውን የመጀመሪያ የዩሮፓ ፎቶግራፍ አብረን እናየዋለን።