በሽታ የሚከላከሉልን ህዋሳት ደም ያረጋሉ?

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሰው ነኝ። በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝቼ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት የግራ እግሬ ባት አብጦ ያመኝ ጀመር፤ በአልትራሳውንድ ሲታይም ደም ረግቶበት ተገኘ። ሐኪሜ ደም ማቅጠኛ አዘዙልኝና «ሰውነትዎ ኢንፌክሽኑን ሲዋጋ ነው ደሙ የረጋው» አሉኝ። እኔ የማውቀው ነጭ የደም ህዋስ ከበሽታ እንደሚጠብቀን ነው። እንዴት ተመልሶ እኔኑ ይጎዳኛል? የመከላከል አቅሜን የሚቀንስ መድኃኒትስ ልውሰድ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐኪምዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። ነገሩ ግራ የሚያጋባው ደም መርጋትንና በሽታ መከላከልን ለየብቻ ስለምናስባቸው ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ግን የሚፈሰውን ደም ማቆምና በቁስሉ የሚገባውን ጀርም መያዝ እኩል አስቸኳይ ስለሆኑ፣ ሰውነት ሁለቱን ሥራዎች አጣምሮ ይሠራቸዋል።

ከነጭ የደም ህዋሳት መካከል በብዛት የሚገኘው ኒውትሮፊል የሚባለው ነው። ይህ ህዋስ ጀርም እየዋጠ እንደሚገድል ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ግን በበርሊን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሌላ ጠባዩን አሳዩ። ኒውትሮፊል ጀርሙ ሲበረታበት በውስጡ ተጠቅልሎ የሚኖረውን የራሱን ዲ ኤን ኤ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ልክ የሸረሪት ድር ይመስላል፣ ባክቴሪያውም እዚያ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ፤ ህዋሱ ይህን ድር ሲዘረጋ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይሞታልና።

ችግሩ ድሩ የሚይዘው ጀርም ብቻ አለመሆኑ ነው። ፕሌትሌት የሚባሉት ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን ህዋሳት ይጣበቁበታል፣ ቀይ የደም ህዋሳት ይጠመዱበታል፣ ፋይብሪን የሚባለው የደም ማርጊያ ክርም በላዩ ይጠላለፋል። ሞኖሳይት የሚባሉት ሌሎቹ ነጭ ህዋሳት በበኩላቸው የመርጋቱን ሂደት የሚያስጀምር ፕሮቲን በገጻቸው ላይ ያወጣሉ። እርስዎ በሳንባ ምቹ ምክንያት ደምዎ በእነዚህ ህዋሳት ተሞልቶ ሳለ አልጋ ላይ ስለዋሉ፣ በእግርዎ ደም መልስ (ደም ወደ ልብ በሚመልሰው የደም ሥር) ውስጥ ያለው ደም ዝግ ብሎ ይጓዝ ነበር፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደሙ ረጋ።

በደም ቅዳ (ከልብ ደም በሚወስደው የደም ሥር) ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ዓመታት የሚፈጅ ነው። ኮሌስትሮል በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ሲጠራቀም ሞኖሳይቶች ሊያጸዱት ይገባሉ፤ ስቡን እየዋጡ ያብጡና እዚያው ይሞታሉ፣ የሚያመነጩት ኢንዛይምም የስቡን ክምችት የሸፈነውን ሽፋን ያሳሳዋል። ሽፋኑ አንድ ቀን ሲቀደድ ደም ከስቡ ጋር ተገናኝቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል፤ በልብ ደም ሥር ከሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በአንጎል ከሆነ ስትሮክ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የካናዳ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በላብራቶሪ በተረጋገጠባቸው ሰዎች ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰት ዕድሉ በ6 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ልብንም ይጠብቃል ብዬ ታካሚዎቼን አጥብቄ እመክራለሁ።

የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት ለእርስዎ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ10,000 በሚበልጡ የልብ ሕመምተኞች ላይ የተሞከረ አንድ መድኃኒት፣ ኮሌስትሮልን ሳይነካ የሰውነትን መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ብቻ በመቀነስ የሕመሙን መደገም ቀንሶ ነበር፤ ነገር ግን በኢንፌክሽን የሚሞቱት ቁጥር ጨምሮ ነበር፤ ለልብ ሕመም ሕክምናም አልዋለም። የሪህ መድኃኒት የሆነው ኮልቺሲን በአነስተኛ መጠን ለአንዳንድ የደም ቅዳ ሕመምተኞች ይታዘዛል፤ በእግር ደም መልስ ላይ ለረጋ ደም ግን አይሰጥም።

ለእርስዎ የሚበጀው ደም ማቅጠኛውን በታዘዘልዎት ሰዓት መውሰድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ3 ወር ይወሰዳል፤ እብጠቱ ቀነሰ ብለው በራስዎ እንዳያቋርጡት፣ ሐኪምዎን ሳይጠይቁም አስፕሪን ወይም ኢቡፕሮፌን እንዳይደርቡበት፤ ደም ያፈሳል። ትንፋሽ በድንገት ቢያጥርዎት፣ ሲተነፍሱ ደረትዎን ቢወጋዎት ወይም ደም ቢያስልዎት የረጋው ደም ወደ ሳንባዎ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።