የጤፍ ደረጃና የተገለበጡ ጥንዶች

ከደብረ ማርቆስ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ ሁለት የጤፍ ነጋዴዎች ለተመሳሳይ ናሙናዎች ደረጃ ሲሰጡ በስንት ጥንድ እንደማይስማሙ የሚቆጥር ኮድ በጃቫ (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ጽፈሃል። በ6 ናሙና ይሠራል። 100,000 ቁጥር በዘፈቀደ ስትሰጠው ግን ይንቀራፈፋል፤ መልሱም ከዜሮ በታች ይወጣል።

የሚዘገየው እያንዳንዱን ከሁሉም ጋር ስለምታስተያይ ነው። 4,999,950,000 ጥንድ እኮ ነው! ተማሪ ሳስጠና ብዙዎቹ መጀመሪያ ሉፑን (የሚደጋገመውን የኮድ ክፍል) ለማሳመር ይታገላሉ። አይፈይድም፣ መንገዱን ቀይር።

እስቲ በእጅ እንሥራው። አንደኛው ነጋዴ ቢቸናን 1፣ ደጀንን 2፣ ሞጣን 3፣ ሉማሜን 4፣ አማኑኤልን 5፣ ደምበጫን 6ኛ አደረገ እንበል። የቢቸና ሰዎች ደስ ይበላችሁ። የሁለተኛውን ቅደም ተከተል በእነዚሁ ቁጥሮች ስንጽፈው 5፣ 2፣ 6፣ 1፣ 4፣ 3 ሆነ። ትልቅ ቁጥር ከትንሹ የቀደመበት ጥንድ ሁሉ ኢንቨርዥን (የተገለበጠ ጥንድ) ነው፤ ሁለቱ ነጋዴዎች ያልተስማሙበት ማለት ነው።

ለሁለት ክፈለው። ግራው 5፣ 2፣ 6 በውስጡ 1 ኢንቨርዥን አለው። ቀኙ 1፣ 4፣ 3ም እንዲሁ 1። ሲደረደሩ 2፣ 5፣ 6 እና 1፣ 3፣ 4 ይሆናሉ። አሁን ከትንሹ ጀምረህ አዋህዳቸው። 1 ከቀኝ ሲወጣ ግራ ላይ ገና 3 ቁጥሮች አሉ፤ ሁሉም ይበልጡታል፤ 3 ደምር። 2 ከግራ ሲወጣ ምንም አትደምር። 3 ሲወጣ 5 እና 6 ቀርተዋል፤ 2 ደምር። 4 ሲወጣም 2። ይሄ 7 ነው፤ ከውስጦቹ 2 ጋር 9። ከ15 ጥንድ በ9ኙ አልተግባቡም። እነዚህን ነጋዴዎች አንድ ሱቅ ውስጥ አላስቀምጣቸውም።

ልብ በል፣ ግራው ስለተደረደረ የቀሩትን አንድ በአንድ አልቆጠርንም። ከግራው ብዛት የወጡትን አንዴ መቀነስ ይበቃል። እያንዳንዱን ግማሽም በዚሁ መንገድ እየከፈልክ ትሄዳለህ። ስለዚህ ሥራው መርጅ ሶርት (እንዲህ እየከፈሉና እያዋሃዱ የመደርደር ዘዴ) ላይ የምትጨምራት አንድ መስመር ናት፤ ለ100,000 ቁጥር ወደ 1.7 ሚሊዮን ማስተያየት ቢሆን ነው።

እኩል ደረጃ ካለ ግን መጀመሪያ የግራውን አውጣ። ካልሆነ እኩል የሆኑትንም እንደ ኢንቨርዥን ይቆጥርብሃል።

ከዜሮ በታች የወጣው መልስ ጣጣው ሌላ ነው። በዘፈቀደ ከተደረደሩ 100,000 ቁጥሮች ወደ 2.5 ቢሊዮን ኢንቨርዥን ይጠበቃል፤ ኢንት (የጃቫ የተለመደው የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ደግሞ ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም፤ ሲያልፍ ወደ ኔጌቲቭ ይዞራል። ድምሩን ሎንግ (ትልልቅ ቁጥር የሚይዘው ዓይነት) አድርገው። ፈንክሽኑ (ቆጠራውን የሚሠራው የኮድ ክፍል) የሚመልሰውንም ጭምር፤ ብዙ ሰው እዚያ ጋ ይረሳዋል።

አሮጌውን ኮድህን አትጣለው። በትንንሽ ዝርዝር ሁለቱንም አስኪድና መልሳቸውን አስተያይ። እኩል ደረጃ ያለበትንም አስገባበት።